ካፖርት የለበሰው የማር ሌባ

ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን ከሁሉ በፊት ጻፊው ብርቄ፤ ሌላ ሰው ከሚያሳጣኝ እኔው ብናገረው ይሻላል። ፊደል አልቁጠር እንጂ ቦንጋ ውስጥ መጽሐፍ አንብቤ ሰው ያጣላሁ፣ ያንኑ መጽሐፍ መልሼ አንብቤ ያስታረቅሁ እኔ ነኝ። የተማሩት ይሄን አድርገዋል? የታሉ! እነሱ አንብበው መነጽራቸውን ያጥፋሉ፣ አለቀ።

ነገሩ የሆነው ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች ነው። ሞባይል የሚባለው ነገር ገና እኛ ሰፈር አልደረሰም። እናቷ ደካ የምትባል ሩቅ ከተማ ተመድባ እዚያ ቢሮ ትሠራለች፤ የምትመጣው በወር አንድ ጊዜ፣ እሱም ጭቃው ከፈቀደ ነው። ስለዚህ ለብርቄ ፀጉር የምሠራ እኔ፣ የወላጅ ስብሰባ የምቀመጥ እኔ፣ «ወላጅ ይፈርም» ሲባል አውራ ጣቴን ቀለም ላይ የምጫን እኔ። የዚያን ዓመት ስብሰባ ብዛቱ! ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ ነው የከረመው።

አንድ አርብ ቀን ብርቄ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

«እማማ፣ የፊታችን ረቡዕ ወላጅ ክፍል ገብቶ መጽሐፍ ያነባል። ተራው የኔ ነው» አለችኝ።

«እናትሽ ትምጣ።»

«መንገዱ ተቆርጧል።»

«እንግዲያው ታመመች በያቸው።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ!»

ልጅቷ ሳቀች። «እማማ፣ መጽሐፉ እኮ ፊደል የለውም።»

ተቀብዬ ገለጥኩት። አንድም ፊደል የለ! ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ብቻ። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ አዘንኩ፤ ሳያልቅ ሸጠውላቸው ነው አልኩ። ብርቄ ግን ነገሩን ነገረችኝ። ቲቸር ሰናይት፣ አስተማሪያቸው፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ግማሹ ልጅ ቤቱ በካፊኖኖ ነው የሚያወራ፣ ግማሹ ባማርኛ። ባማርኛ ስታነብ ግማሹ ጣሪያ ሲያይባት ጊዜ «ሥዕሉን እያያችሁ በየአፋችሁ አውሩት» ብላ ይሄን መጽሐፍ አመጣች።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል በር ላይ ቆሞ ሲመልሰኝ ኖሮ፣ ዘበኛ የሌለው መጽሐፍ መጣልኝ። ሥዕል ማየት ደግሞ ምን ይከብደኛል? እኔ ጭቃ ላይ ያለ ኮቴ አይቼ የማን ላም እንዳለፈች እናገራለሁ። የእንሰት ቅጠል አቆራረጡን አይቼ የትኛዋ ጎረቤቴ ጓሮዬ እንደገባች አውቃለሁ። ስሟን እንኳ ልጥራ? ተዪው፣ ብርቄ፣ አትጻፊው።

ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እንግዲህ መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ማለቴ አይልም፣ ግን እንዲህ ነው።

አንደኛው ሥዕል ላይ ትልቅ ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ እንደ ቅል ድብልብል ያለ፣ የኛን የማይመስል፣ የሰው አገር ቀፎ ነው። ከዛፉ ሥር አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚደርስ ቡናማ ካፖርት ለብሷል። ጆሮ ያለው ኮፍያ አድርጓል። ሁለተኛው ላይ ሰውዬው ዛፉን አቅፎ ይወጣል። ያለ ገመድ! እንግዲህ እኛ አገር ቀፎ የሚወጣ ሰው ገመድ ይይዛል፣ ለንቡም ጭስ ይይዛል። ገመድም ጭስም ሳይዝ የሚወጣ የቸኮለ ነው። ዛፍ ላይ ምን ያስቸኩለዋል? ወዲያው ገባኝ፤ ሌባ ነው። ሦስተኛው ላይ እጁን ወደ ቀፎው ዘርግቷል። አራተኛው ላይ ንቡ ወረደበት። ፊቱ የታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ አፍንጫው ጠቁሮ እንዲህ ወደፊት አብጧል። ነደፉት፣ እሰይ! አምስተኛው ላይ ሮጦ ወንዝ ገባ። መጨረሻው ላይ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከነሰፈፉ ማሩን ይልሳል፤ አጠገቡ ያንኑ ካፖርት የለበሰ ትንሽ ልጅ አብሮት ይልሳል። ልጁንም ሌብነት ሊያስተምር! ተናደድኩ እኮ። መጽሐፍ አንብቦ መናደድ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ደጄ ላይ ሰብስቤ ለረቡዕ ተለማመድኩ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በካፊኖኖ። ቀፎው ላይ ስደርስ በሹክሹክታ፣ ንቡ ሲወርድ በጩኸት ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስጨርስ አንዷ፣

«እማማ፣ ሌባው ማነው?» አለችኝ።

«ስሙ አልተጻፈም» አልኩ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት? ሞቅ ብሎኝ ጨመርኩ፤ «ካፖርቱ ግን ቁርጥ የጋሽ አዴሎ ነው።»

በቃ፣ ይቺን ብቻ ነው ያልኩት።

ጋሽ አዴሎ ከኔ ቤት ቁልቁል ሦስተኛው ጎረቤቴ ናቸው። ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ወታደር ልጃቸው የላከላቸው ቡናማ ካፖርትና ጆሮ ያለው ኮፍያ አላቸው፤ ፀሐይ ወጣ ዝናብ ዘነበ አያወልቁትም። በሺሺንዳ መንገድ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ አላቸው፤ ከሳቸው ሌላ አምስት አባወራ ቀፎውን ለሳቸው አደራ ሰጥቶ ሰቅሏል። ጫካ ውስጥ ያለ ቀፎ እንግዲህ አጥር የለው፣ ቁልፍ የለው። ያለው ባለቤቱ ዛፉ ግንድ ላይ በገጀራ የሚጠርበው ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱን ያየ ሰው ዓይኑን መልሶ ያልፋል። የማር ሌባ የተባለ ሰው ግን እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እንኳ ጠጋ ብሎ የሚያስቀምጠው የለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንዷ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ጋሽ አዴሎ መጽሐፍ ላይ ወጡ የሚባለው እውነት ነው?»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ማር ሲሰርቁ ነዋ! ፎቷቸውም አለ አሉ።»

ያን ጊዜ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዝም። እኔ ግን ሰኞ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤት ለቤት ዞርኩ።

«ጋሽ አዴሎ ማር አልሰረቁም ልላችሁ ነው የመጣሁት።»

«ውይ! ማን ሰረቁ አለ?»

«ማንም አላለም። አልሰረቁም።»

«ከየት ነው ያልሰረቁት?»

«ከመጽሐፉ ላይ።»

«መጽሐፍም ላይ አለ?»

ሰባተኛው ቤት ስደርስ ነው የነቃሁት። ካንኳኳሁባቸው ሰባት ቤቶች ወሬውን የሰሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አምስቱ ከኔ ነው የሰሙት።

የተማረ ሰው ላማክር ብዬ ቢሮ የሚሠራ ጎረቤቴ ዘንድ፣ አቶ በቀለ ዘንድ፣ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። መነጽሩን አደረገ። ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ እንደ ብር በብርሃን አየው፣ ፊደል ፍለጋ አገላበጠው። ሥዕሉን ልብ ብሎ እንኳ አላየውም።

«እማማ፣ ይሄ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። በዚህ ላይ አስተያየት ልሰጥ አልችልም» ብሎ መለሰልኝ።

ማክሰኞ ጋሽ አዴሎ ቀፎ ሊያዩ ከሄዱበት ከሺሺንዳ ባውቶብስ ተመለሱ። ለካ ወሬው ቀድሟቸው ተሳፍሮ ሄዷል! ገበያ መሃል «መጽሐፍ ላይ ወጥተሃል አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ የቀለደባቸው አለ። አምስቱ አባወራዎች ግን አልቀለዱም፤ ሐሙስ ቀፏችንን እናወርዳለን ብለዋቸዋል።

ካፖርታቸውን እንደለበሱ ደጄ ላይ ቆሙ።

«የብርቄ አያት!»

«ይግቡ ጋሽ አዴሎ።»

«አልገባም። ሌባ ሰው ቤት አይገባም።»

«ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ካፖርቱ ነው ያልኩት፣ እርስዎን አላልኩም።»

«ካፖርቱ ብቻውን ዛፍ ወጣ? አምጪው መጽሐፉን።»

ሰጠኋቸው። በቆሙበት ገለጡት። አንዱን ሥዕል ከዓይናቸው ያርቃሉ፣ ያቀርባሉ።

«ካፖርቱስ የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ጣታቸውን ወደ ኮፍያው ወሰዱ።

«ኮፍያውም የኔ ነው።» ሌላ ገለጡ። «እኔ ግን ያለ ገመድ ወጥቼ አላውቅም!»

«እኔም እኮ የገረመኝ እሱ ነው!» ብዬ አረፍኩት።

«እግሬስ እንዲህ ጠማማ ነው?»

እግራቸውን አየሁ። ሰማዩን አየሁ። ዝናብ የሚመጣ ይመስላል አልኩ።

ጋሽ አዴሎ መጽሐፉን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲጮሁ አልፈራኋቸውም፣ ዝቅ ሲሉ ግን አንጀቴን በሉት። «ስንት ዘመን ሙሉ የሰው ቀፎ ስጠብቅ ኖርኩ። የራሴን ቀፎ ንብ ጥሎት ሲሄድ የሰውን ቀምሼ አላውቅም። ሐሙስ ያወርዳሉ። ካወረዱ እኔ ከዚህ አገር ሰው ጋር በምን ዓይን እተያያለሁ?»

«ጋሽ አዴሎ፣ መጽሐፉን እኔ አልሠራሁት።»

«አንብበሻል። በሰው ፊት አንብበሽ ሌባ አድርገሽኛል፣ በሰው ፊት አንብበሽ ታወጪኛለሽ። ነገ አምስቱንም ይዣቸው ትምህርት ቤት እመጣለሁ።»

ሄዱ። እኔና ብርቄ መጽሐፉ ላይ ተደፋን። ሰውዬው ጋሽ አዴሎ አይደሉም እንዳልል ሰባት ቤት ዞሬ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ነው ብል ደግሞ ሌላ ባለ ካፖርት ደጄ ይቆማል። ከኋላ ወደፊት ላንብበው ብዬ ሞከርኩ። እንዲህ ሲሆን ሰውዬው ማሩን ካፉ እያወጣ ሰፈፉ ላይ ይለጥፋል፣ ከወንዝ ደርቆ ይወጣል፣ ንቡን እያባበለ ያስገባል፣ ከዛፍ ይወርድና ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ጻድቅ ሆኖ አረፈው! ብርቄ ግን፣

«እማማ፣ ቲቸር መጀመሪያው በዚህ ነው ብላለች» አለችኝ።

ልጅ አስተምሮ መከራ።

ረቡዕ ክፍሉ ሞላ። ልጆቹ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ ወላጆች ከኋላ። ከወላጆቹም ኋላ አምስቱ አባወራዎች ገጀራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ጋሽ አዴሎ መሃላቸው ናቸው። ካፖርቱን አልለበሱትም! ነጭ ጋቢ ለብሰው በባዶ ራስ መጥተዋል፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ካፖርቱን ጠቅልለው በፌስታል ብብታቸው ውስጥ ደብቀዋል፤ የሌባ ማስረጃ እንደያዘ ሰው።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ፈራሁ እንዳትሉኝ፣ አልፈራሁም፤ አፌን ስከፍት ነገር ይመጣል ብዬ ነው የገባሁት። ሁልጊዜም መጥቶልኝ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን ዘገየ።

«ተረት እንዴት ነው የሚጀመረው? ከዛፉ ነው» አልኩ ጊዜ ለመግዛት። ሰውዬውን ዘልዬ ዛፉን መናገር ጀመርኩ። ቅጠሉን አወራሁ። ቅርንጫፉን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሥሩ ላይ ያለችውን ትንሽ አበባ ሳይቀር አደነቅኩ። ከኋላ አንዱ አባወራ ሳል አለ። ቅርንጫፍ አለቀብኝ። ወደ ግንዱ ወረድኩ፤ «ግንዱ ደግሞ እንዲህ ወፍራም ነው፣ ቅርፊቱ እንዲህ ሻካራ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ...»

መጽሐፉን ወደ ዓይኔ አቀረብኩ።

ቅዳሜም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም ያላየሁትን አየሁ። ካፖርቱን ሳይ ግንዱን መች አየሁት? ግንዱ ላይ አራት መስመር ቁልቁል ተጭሯል። ጥልቅ ነው፣ ተካክሎ ወርዷል፣ ቅርፊቱ ተገልጦ ነጩ ይታያል።

መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዞርኩ። «እስቲ ይሄ ምንድነው?»

የገበሬው ልጆች ባንድ አፍ «ምልክት!» ብለው ጮሁ። በካፊኖኖም ባማርኛም ነው የጮሁት። የቢሮ ሠራተኞቹ ልጆች ዞረው አዩአቸው።

ከበደ የሚባለው አባወራ፣ ከአምስቱ ክፉው፣ ግድግዳውን ለቆ መጣ። ጎንበስ አለ። ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደው።

«ምልክት ነው» አለ። «የማን ምልክት ነው?»

ሦስተኛውን ሥዕል ገለጥኩ። ሰውዬው እጁን ወደ ቀፎው ዘርግቷል፤ ጥፍሩ ረጅም ነው፣ አራት።

«ቁጠር» አልኩት። «እጁን ቁጠር፣ ምልክቱን ቁጠር።»

ቆጠረ። «አራት፣ አራት» አለ።

«እንግዲህ! ሰውዬው ባለቤቱ ነው። ዛፉ የሱ ነው፣ ቀፎው የሱ ነው፣ ምልክቱን በእጁ ልክ ጠርቦ አስቀምጦታል። እኔ ነኝ ምልክት ሳላይ ሰው ሌባ ያልኩት!»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። ከበደ ግን እንዲህ በዋዛ የሚለቅ ሰው አይደለም።

«ባለቤቱ ከሆነ ገመዱስ?»

«አንተ የገዛ ቤትህ ስትገባ መሰላል ታቆማለህ? ከልጅነቱ የወጣበት ዛፍ ነው።»

«ጭሱስ?»

«ሥሩን ተመልከት፣ መሬቱ ረጥቧል። ሲዘንብ ሰንብቷል፣ እንጨቱ አልያዘም።»

«ባለቤቱ ከሆነ ታዲያ ምን አስሮጠው? ወንዝ ለምን ገባ?»

እውነት፣ ባለቤት ለምን ይሮጣል? ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ ቲቸር ሰናይት እኔን ታያለች። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

«እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ!» አሉ ጋሽ አዴሎ። «አምና ንቧ ባንገቴ ገባችብኝና ከነሱሪዬ ወንዝ ዘለልኩ! ከበደ፣ አንተም አይተህ ስትስቅብኝ አልነበር? የገዛ ማሬን ስቆርጥ እኮ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከበደ ራሱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ገጀራውን ወደ ብብቱ መለሰና «እንግዲህ ቀፎው ባለበት ይቆይ» አለ። አራቱም «ይቆይ» አሉ። እኔም የመጨረሻውን ሥዕል ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ «አባት የገዛ ማሩን ለገዛ ልጁ ሲያበላ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሽ አዴሎ ቀስ ብለው ፌስታሉን ፈቱ፣ ካፖርቱን አወጡ፣ አራገፉ፣ ለበሱ፣ ኮፍያውንም አደረጉ። እንደዚያ ቀን አምሮባቸው አያውቅም።

ሰው ሲበተን ቲቸር ሰናይት ወደኔ ጠጋ ብላ በትህትና እንዲህ አለችኝ፤ «እማማ፣ እንዴት ደስ ይላል! ግን ሥዕሉ እኮ ሰው አይደለም። ድብ የሚባል አውሬ ነው፣ በሰው አገር ያለ። ማር ይወዳል። ካፖርቱም ፀጉሩ ነው። ያ ግንዱ ላይ ያለው በጥፍሩ የቧጨረው ነው።»

አውሬ! አምስት ቀን ሙሉ ካውሬ ጋር ነው የከረምኩት። አፍንጫው ለካ አላበጠም።

ጋሽ አዴሎ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱና የመጀመሪያውን ሥዕል ገለጡ። ግንዱን አዩ፣ ቲቸሯን አዩ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «አንቺ ካገርሽ ርቀሽ መጥተሽ ልጆቻችንን ታስተምሪልናለሽ፣ እግዜር ይስጥልን። የቀፎን ነገር ግን ለኛ ተዪው። አውሬ ምልክት አይጠርብም።»

ቲቸር ሰናይት ወደኔ ዞረች። እኔ ምን ልበል? ጎረቤቴ ናቸው። «አይጠርብም» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አዴሎ በሳምንት አንዴ ትምህርት ቤት ብቅ እያሉ «መጽሐፌ አለ?» ይላሉ። ቲቸሯ ታወጣላቸዋለች፣ በር ላይ ቆመው ያገላብጡና ይሄዳሉ።

የማር ጊዜ ሲደርስ «ድርሻሽን ነይና ውሰጂ» ብለው ላኩብኝ። ብርቄን ይዤ ባውቶብስ ሄድኩ፣ ከመንገዱ ወርደን ጫካው ገባን። ዛፋቸው ሥር ቆመው ጠበቁን፤ ገመዱ ትከሻቸው ላይ ነው፣ ጭሱ እጃቸው ላይ ነው፣ ካፖርቱም እንዳለ ነው። ዓይኔ ወደ ግንዱ ሄደ። እኔ ድሮ የማውቀው የጋሽ አዴሎ ምልክት መስቀለኛ ነበር። አሁን ግን አራት መስመር ቁልቁል ወርዷል፤ ጥልቅ ነው፣ ቅርፊቱ ተገልጦ ነጩ ይታያል።

«ጋሽ አዴሎ፣ ምልክትዎ መስቀለኛ አልነበረም?»

ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ነበረ» አሉ። «መጽሐፉን አይቶ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው።»